ሲነክስ የማይመለስ ውሻ

«ከተለቀቀ በኋላ ሊመለስ የሚችለው ብቸኛው የኃይል መሣሪያ ውሻ ነው።» በአሜሪካ የፖሊስ ውሻን በሕግ ለመገደብ በተሞከረ ቁጥር የፖሊስ ማኅበራት ይህንኑ ይዘው ይቀርባሉ፤ እንደራሴዎችም ይረቱበታል። ውሻ ሰው ለመያዝና ሰልፍ ለመበተን እንዳይውል ሊከለክል የነበረው የካሊፎርኒያው ረቂቅ ሕግ 742 እ.ኤ.አ. በ2023 ቀረበ፤ ግን ሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ረቂቁ ፈንጂ የሚያነፈንፉትንም ሆነ የጠፋ ሰው የሚፈልጉትን ውሾች አልነካም። የነካው ጥርሱን ብቻ ነበር።

እስቲ «ይመለሳል» የሚባለውን እንመርምር። ውሻው እየሮጠ ሳለ፣ ጥርሱ ሥጋ ሳይነካ፣ በደንብ ከሠለጠነ አዎ፣ ተጠርቶ ሊመለስ ይችላል። ከነከሰ በኋላ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መመለሱ ቀርቶ መልቀቁ ያጠራጥራል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ውሻን የሚያሠለጥኑት ነክሶ እንዲይዝ ነው። ፖሊስ ለሚጠቀምባቸው የውሻ ዝርያዎች፣ ለማልኖይስም ሆነ ለጀርመን ሼፐርድ፣ የልምምዱ ሽልማት ራሱ ንክሻው ነው። በፊት ጥርሱ ብቻ ሲነክስ ይታረማል፤ አፉን ሞልቶ እስከ መንጋጋው ሲይዝ ይመሰገናል። «ልቀቅ» ማለት እንግዲህ ሽልማቱን ከአፉ መንጠቅ ነው። ከትእዛዞች ሁሉ ቶሎ የሚበላሸውና በየሳምንቱ ልምምድ የሚፈልገው ይኸው ነው።

በልምምድ ሜዳ ላይ ወፍራም መከላከያ ልብስ የለበሰው ሰው «ልቀቅ» ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የማይንቀሳቀስ ነገር ውሻውን ስለማይስበው ይለቃል፤ ዳኛውም ማለፊያ ነጥብ ይሰጣል። መንገድ ላይ የተነከሰ ሰው ግን መከላከያ አልለበሰም። ይጮኻል፣ እጁን ይስባል፣ ይንፈራገጣል። እንቅስቃሴው ውሻውን ያባብሰዋል፤ ውሻው ይዞታውን ቀይሮ እንደገና ይነክሳል። በዚህ መካከል ፖሊሱ «ውሻውን አትታገል!» እያለ ይጮኻል፤ ሥቃይ የወለደው መንፈራገጥ በሪፖርቱ ላይ «እምቢተኝነት» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ውሻ ያዦች ደግሞ ሰውየው በካቴና እስኪታሰር «ልቀቅ» የሚለውን ትእዛዝ ጨርሶ አይሰጡም። ትእዛዙ ካልሠራ የሚቀረው በእጅ ማስለቀቅ ነው፤ የአንገት ማሰሪያውን ይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረውና አፉን እስኪከፍት ወደ ላይ ማንሳት። የተደናገጠ ፖሊስ ግን ወደ ኋላ ይጎትታል። ያኔ ውሻው እንደነከሰ ይጎተታል፤ ጡንቻና ጅማትም አብሮ ይቀደዳል። ሐኪሞች የሚሰፉት ቁስል ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁ አሠልጣኞች ምክር ቤት ፊት ቆመው «ይመለሳል» ማለታቸው አሳፋሪ ነው።

«ውሻ ባይኖር ሽጉጥ እንጠቀም ነበር» የሚለው ደግሞ ለመልስም አይበቃም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የሰጠው ውሳኔ (ቴነሲ እና ጋርነር) ለሌላው ሕይወት አስጊ ባልሆነ የሚሸሽ ሰው ላይ መተኮስን ከከለከለ አርባ ዓመት ሆኖታል። ውሻ የሚለቀቀው ደግሞ በአብዛኛው በሚሮጥና በተደበቀ ሰው ላይ ነው፤ ማለትም ሽጉጥ መተኮስ በማይፈቀድበት ቦታ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 በሰርክልቪል፣ ኦሃዮ ፖሊስ አንድ የጭነት መኪና ሊያስቆም የተነሣው የጭቃ መከላከያ ስለጎደለው ነበር። ሾፌሩ እጆቹን ወደ ላይ አንስቷል። አንድ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ «እጁን አንስቷል፣ ውሻውን አትልቀቅ» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። ውሻው ተለቀቀ። ውሻ ያዡ ከሥራ ተባረረ፤ የከተማው ፖሊስ መምሪያ ግን የውሻው አለቃቀቅ መመሪያውን እንዳልጣሰ አስታወቀ። መመሪያውን የጻፈውም፣ አልተጣሰም ያለውም ያው መምሪያ ነው! በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ከተማ በፈርጉሰን ደግሞ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምርመራ፣ ዘራቸው ከተመዘገበው የውሻ ንክሻ ተጎጂዎች መካከል ጥቁር ያልሆነ አንድም ሰው አልተገኘም።

የሚያናድደው ሕግ አውጪዎቹ መንገዱን ማወቃቸው ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ 481 መሠረት አንድ ከተማ ለፖሊሱ ድሮን ከመግዛቱ በፊት የአጠቃቀም መመሪያውን በግልጽ ስብሰባ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ማጸደቅ አለበት፤ በየዓመቱም ሪፖርት ያወጣል። ብረት ለበስ መኪናና አስለቃሽ ጭስ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ውሻ የለም። የክፍለ ግዛቱ የፖሊስ ሥልጠና ኮሚሽን ለውሻ ያወጣው መለኪያም ቢሆን በፈቃደኝነት የሚያዝ ነው፤ ያልፈለገ መምሪያ ይተወዋል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ሲረቀቅ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅን ውሻ ይከለክል ነበር፤ ሲጸድቅ ግን «ናሙና መመሪያ ይዘጋጅ» ወደሚል ዝቅ አለ።

ይህ የእኛም ጉዳይ ነው፤ በሎስ አንጀለስና በሲያትል ብዙ ወገን አለን። ውሻ ከመለቀቁ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነው፣ አልፎ አልፎ በስፓኒሽ። ውሻ ደግሞ ተጠርጣሪውን ከሌላው አይለይም፤ ጓሮ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘውን ይነክሳል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናት ጓሮአቸው ውስጥ ቆመው ቢገኙ ማን ነው የሚጠየቀው?

ስለዚህ ሕጉ ንክሻን በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ለደቀነ ተጠርጣሪ ብቻ ይገድብ። ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ሰው እጁን ሰጥቶ የሚወጣበት ጊዜ ተሰጥቶ፣ በደረት ካሜራ ይቀረጽ። ውሻውም በሚንፈራገጥ ሰው ላይ ተፈትኖ፣ በመጀመሪያው ትእዛዝ ካልለቀቀ ከመንገድ ይውጣ። ያ እስኪሆን ድረስ የከተማችሁ ምክር ቤት የፖሊስ በጀት ሲያጸድቅ አዳራሹ ውስጥ ተገኙና የፖሊስ አዛዡን ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተነከሰ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ መሣሪያ ይዞ ነበር? ውሻው በመጀመሪያው «ልቀቅ» የለቀቀው ስንት ጊዜ ነው? በስንት ሰከንድ?