ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ማስመታት ይብቃን!

ወገን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ እየኖራችሁ መኪና የምትይዙ ሁሉ ይህን ስሙን። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ የምንነዳው አቧራ ውስጥ ነው። ከፊት አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ ከኋላ ጠጠር የጫነ ሌላ ሲኖትራክ። ያ ሁሉ አቧራ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ የሚያግደው የአየር ማጣሪያው፣ ማለትም ፊልትሮው፣ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ወረቀት ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር እናስደበድበዋለን!

ዘይት ለመቀየር ገብታችሁ «ፊልትሮውስ?» ስትሉ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ገና ነው፣ በአየር ልምታላችሁ።» ኧረ በፈጠራችሁ! የጎሚስታ ኮምፕሬሰር እስከ 8 ባር ይገፋል። የፊልትሮ ወረቀት ከ2 ባር በላይ ሊለቀቅበት አይገባም፤ እሱም ቢሆን አፈሙዙ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከንጹሑ ገጽ ወደ ቆሻሻው ገጽ ሲነፋ ነው። የሚደረገው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አፈሙዙን ወረቀቱ ላይ ለጥፈው በቆሸሸው በኩል ይለቁበታል። ደቃቁ አቧራ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ እጥፋቱ ሥር በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፈታል። በዚያ ላይ የኮምፕሬሰሩ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ዘይት አብሮ ይረጫል። ወረቀቱ ነጣ ብሎ ስለሚወጣ ግን ሠሪውም አሠሪውም ደስ ብሎት ይለያያል።

የቆሸሸ ፊልትሮ አየር ያሳጥራል እንጂ አቧራ አያስገባም። የተቀደደው ነው ጠላት። አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ ከሲሊንደሩ ብረት የጠነከረ ስለሆነ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። መኪናው ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሞተር ማስወረድ ይመጣል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ካለው የቱርቦው ምላጮች ቀድመው ይበላሉ። ይህ ሁሉ ኪሳራ ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ያነሰ ዋጋ ላለው ዕቃ መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

በየሳምንቱ እየከፈቱ ማራገፍም ደግ ሥራ አይደለም። ጥቂት አቧራ የያዘ ፊልትሮ ደቃቁን አቧራ ከአዲሱ እንኳ የበለጠ ይይዛል። የፊልትሮው ሳጥን በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ከጠርዙ የሚረግፈው ወደ ሞተሩ መንገድ ያገኛል።

ታዲያ መቼ ይቀየር? የመኪናው መመሪያ ላይ ያለው 20,000ና 40,000 ኪሎ ሜትር ለአስፋልት የተጻፈ ነው፤ እዚያው ገጽ ላይ በአቧራማ መንገድ ቶሎ እንዲቀየር መጻፉን ግን የሚያነብ የለም። በየቀኑ ፒስታና ኮረኮንች የምትነዱ በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዘይቱ ጋር አሳዩት፤ በ10,000 ያለ ክርክር ቀይሩት። ዳገት ላይ መልፈስፈስ፣ ነዳጅ ስትረግጡ ዘግይቶ መነሳት፣ በናፍጣ መኪና ላይ ጥቁር ጭስ ምልክቶች ናቸው። ከፍታችን 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የታፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት ሞተሩ ምን ይተንፍስ? «ነዳጅ ስላልጨመረ ፊልትሮው ደህና ነው» የሚባለውም አይሠራም። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ነዳጅ ያበዛሉ፤ ኢንጀክሽን ያላቸው ግን ኮምፒውተሩ ነዳጁን በአየሩ ልክ ስለሚቀንስ ጉልበት ነው የሚያጡት።

ቅየራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ በራሳችሁ እጅ አድርጉት። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ክሊፖቹን ፍቱ፣ ክዳኑ ላይ የሚሄደውን ሽቦ አትጎትቱ፤ የአየር መለኪያው ሴንሰር ሽቦ ነው። አሮጌውን ሳታጋድሉ ወደ ላይ አውጡ። የሳጥኑን ታች በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አየር እንዳትለቁበት። አሁን ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ዳብሱ፤ አቧራ ከያዘ ፊልትሮው ተቀዷል ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል፣ አዲስ መግጠም ብቻውን አያድንም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጎማ ውፍረት። ኮፒው ብዙ ጊዜ እጥፋቱ የሳሳ፣ ጎማው ደረቅ ነው፤ ጎማው በጉድጓዱ ውስጥ ካልተቀመጠ አቧራው በጎን ይገባል። ሁሉም ክሊፕ መያዙን እዩ፣ ጠርዙ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር ጻፉ። ጋራዥ ካሠራችሁም አሮጌውን ተቀበሉ፤ «ቀይረናል» ተብሎ የተነፋውን መልሶ መግጠም አለና።

ክብ ፊልትሮ ያላቸው የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ውስጠኛ ሁለተኛ ፊልትሮ ካለ በጭራሽ አይነፋም፣ አይታጠብም፤ የውጪው ሦስት ጊዜ ሲቀየር እሱም አንዴ ይቀየራል። ከሳጥኑ ሥር ያለችው የላስቲክ አቧራ ማራገፊያ ከጠፋች ወይም ከተቀደደች ተኩ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም አላመለጣችሁም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ «ይሄማ ፊልትሮ የለውም» ሲባል እንሰማለን። የሞተር ፊልትሮ የለውም፣ እናንተና ልጆቻችሁ የምትተነፍሱትን አየር የሚያጣራው ግን አለ፤ በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱን አራግፉ፣ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ጨቁናችሁ አውርዱት፣ ክዳኑን ፍቱና ሳቡት። አዲሱ ላይ ያለው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል፤ ካልተጻፈ የአሮጌውን አገባብ ሳታወጡ በስልክ አንሱት። በእኛ ሰፈር መንገድ ዓመት አይቆይም፣ በየስድስት ወሩ እዩት።