ባለፋሻዎቹ ሳይበርመኖች

«ፊታቸውን በፋሻ የጠቀለሉ ሰዎች ምናቸው ያስፈራል?» ብሎ ጀመረ አንዱ። የሚያወራው ዶክተር ሁ ስለሚባለው የብሪታንያ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለተላለፈውና የጥንቶቹ ሳይበርመኖች፣ ማለትም አካላቸው በሰው ሠራሽ የተተካ ሰዎች፣ ስለተመለሱበት ክፍል። ልጁ ለንደን ያደገ ነው። እሱ የሚያውቃቸው ከራስ እስከ እግር ብረት የለበሱ፣ ሲራመዱ መሬት የሚያናውጡ ሳይበርመኖችን ነው። «እነዚህማ የ1966ቱን ልብስ እንዳለ አውጥተው ያለበሷቸው ነው የሚመስሉት። ጭንቅላታቸው ላይ የመኪና መብራት ተሸክመው!»

ሌላው አላስጨረሰውም። «ኧረ ተው! ዋናው ተዋናይ ፒተር ካፓልዲ ራሱ አይደል እንዴ እንዲመለሱ የፈለገው? እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው» አለ። ቢቢሲ ሳይበርመኖቹ እንደሚመጡም፣ ተዋናዩ ጆን ሲም የዋናውን ገፀ ባሕርይ የዶክተሩን ጠላት ማስተርን ሆኖ እንደሚመለስም አስቀድሞ ለፍፎታል። ሲም ደግሞ በክፍሉ ውስጥ መልኩን ቀይሮ ነው የሚተውነው። «ዝም ቢሉን ኖሮ ጉድ እንል ነበር!» እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ነርስ የሆነችው ወዳጃችን ግን ሁለቱንም አልሰማቻቸውም። «እናንተ በልብስ ትጨቃጨቃላችሁ። የሆስፒታሉን ትዕይንት ልብ ብላችሁታል?»

ፊታቸው የተሸፈነ ሕመምተኞች ግሉኮስ እንደተሰካላቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ደጋግሞ ቁልፍ ይጫናል፤ ማሽኑም «ሕመም፣ ሕመም፣ ሕመም» ይልለታል። የሆስፒታሉ ነርስ መጥታ የሆነ ነገር ትነካካለች፤ ጸጥ ይላል። ማስታገሻ የሰጠችው ነው የሚመስለው። የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ቢል ፖትስ ጠጋ ብላ የማሽኑን ማዞሪያ ስታዞረው ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ነርሷ የቀነሰችው ድምፁን ነው። ሰውየው ቁልፉን መጫኑን አላቆመም።

«እኔን በሥራዬ የሚያስፈራኝ ዝም ያሰኙት በሽተኛ ነው» አለች። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «የብረቶቹም ውስጥ እኮ ሰው ነው ያለው» አላት። ልክ ነው፤ ግን ማን ያስታውሰዋል?

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሳይበርመኖችን ከጌሪ ዴቪስ ጋር የፈጠረው ኪት ፔድለር የዐይን ሕክምና ተመራማሪ ነበር። ያስጨነቀው ነገር ሰው አካሉን በሰው ሠራሽ እየተካ ቢሄድ መጨረሻ ላይ ምን ይቀረዋል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ታሪክ እጃቸው ራቁቱን የሚታይ የሰው እጅ ነበር። ከጨርቁ ሥር ፊት እንዳለ ያስታውቃል። በኋላ ብረቱ ሲበዛ ተራ ሮቦት መሰሉ፤ ለሮቦት ደግሞ ማንም አያዝንም።

የ2017ቱ ክፍል ያንን ሐዘን መልሶታል። ቢል ደረቷን ተመትታ በግዙፉ የጠፈር መርከብ ግርጌ ዶክተሩን ዓመታት ትጠብቃለች። መርከቡ ስበቱ እጅግ ኃይለኛ የሆነ የጠፈር አካል፣ ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል)፣ አጠገብ ስላለ ጊዜ በሁለቱ ጫፎች እኩል አይሄድም፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ላለው ዶክተር ያለፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲደርስ ፋሻው ውስጥ ያለችው እሷ ናት። በዐይኗ ቀዳዳ እንባ ይታያል።

በሚቀጥለው ክፍል ብረት ለባሾቹም ስለሚመጡ ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል። የእኔ ዐይን ከባለፋሻዎቹ ላይ አልተነሳም።