ፊደላችን በኪሎ ሲሸጥ

ወገኖቼ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በፈረሰችበት ሰሞን ያየሁትን ነገር እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልሁም። አንድ ጋዜጣ ለዓመታት ሲዘጋጅበትና ሲታተምበት ከኖረ አሮጌ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በጆንያ የታጨቀ፣ ለኅትመት ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል በሚዛን እየተለካ ለቆራሌው ይሸጥ ነበር። አንዱ ጆንያ ተተርትሮ «ሀ» ከ«ጸ»፣ አራት ነጥቡ ከቁጥሩ ጋር ተደባልቆ መሬት ላይ ተበተነ። አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ለቀመው፤ የለቀመው ግን ክብደቱ እንዳይጎድል ብሎ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደሚቀልጥ ሻጩም ገዢውም ያውቁ ነበር።

ያንን ፊደል ያነሡ የነበሩት እጆች ይታዩኛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃላ ፊደሎችና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ፊደል ለቃሚው፣ ገጹን ለኅትመት የሚደረድረው ሠራተኛ፣ ከሣጥን ሣጥን እየተመላለሰ፣ ተገልብጦ የተቀረጸውን አንድ በአንድ እያነሣ ቆሞ ያድር ነበር። በምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ከተሻገረ በኋላ፣ በ1917 «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 «አዲስ ዘመን» ለአንባቢ የደረሱት በዚሁ ድካም ነው።

ግሬደሩ ነው ያፈረሰው ብላችሁ አትለፉት። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ጥራዙን ምስጥ ሲበላው፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ማኪያቶ እየጠጣን ዓመታት አሳልፈናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከ1992 ጀምሮ በእጃችን ነበር፤ ስለዚያ ቤት ግን አንዳችንም አንዲት ማመልከቻ አልጻፍንም።

እኔስ? የመጀመሪያው ጽሑፌ የተለቀመው በዚያ ቤት፣ ምናልባትም በእነዚያው ፊደላት ነበር። በዚያች ቀን ኪሴ ውስጥ ገንዘብ ነበረኝ፤ «አንዱ ጆንያ ስንት ነው?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ሄድሁ። ፎቶውን ዛሬም ማየት አልችልም።

አሁንም በየቤታችሁ፣ በአልጋ ሥርና በቆጥ ላይ፣ አባቶቻችሁ ያስጠረዙት ጋዜጣ፣ ከማተሚያ ቤት ይዘውት የወጡት የፊደል ሣጥን ይኖራል። እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት። ብዙዎቻችሁ እንደማትሰሙኝ ልቤ ያውቀዋል፤ ደክሞኛልም። ቢሆንም ባለፈው ወር የነበረኝን አንድ ጥራዝ ተሸክሜ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ ሄድሁ። የተቀበለኝ ወጣት ገጾቹን በጥንቃቄ ቆጥሮ መዘገበና «ሌላስ ይኖርዎታል?» አለኝ። ሰው እጠይቃለሁ አልሁት፤ ይኸው እየጠየቅኋችሁ ነው።