የጅማ አናጢ ቫዮሊን ይሥራ

ባለፈው ጥር የልጄ ቫዮሊን ተሰነጠቀ። ክረምቱን በደህና ከርሞ አየሩ ሲደርቅ ከድምፅ ቀዳዳው ጫፍ ተነስቶ ወደ ታች የወረደ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ሠፈራችን ያለ አናጢ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው፣ በጥፍሩ ቆርቆር አደረገው፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ አይከፈትም። ልክፈተው ብል ኮላው ሳይለቅ እንጨቱ ነው የሚቀደደው» አለኝ።

ብዙዎቻችን ዕቃ የሚበረክተው ወፍራምና በማይለቅ ኮላ የተገጠመ ሲሆን ይመስለናል። ቫዮሊን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጥሩ ባለሙያ ገበታውን፣ ማለትም የፊትና የጀርባ ሳንቃውን፣ የሚያጣብቀው ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው። እንጨቱ ሲኮማተር መጀመሪያ የሚለቀው ሙጫው ነው፤ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ገበታው ግን ይተርፋል። መልሶ ማጣበቅ ቀላል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1737 የሞተው የጣሊያን ከተማ የክሬሞናው ቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ የሠራቸው ቫዮሊኖች ዛሬም መድረክ ላይ የሚጫወቱት ደጋግመው ስለተከፈቱና ስለተጠገኑ ነው። የአብዛኞቹ አንገት እንኳ ተቀይሯል።

የፊቱ ገበታ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አራቱ ክሮች ደግሞ ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይወጥሩታል። ይህን ጫና የሚሸከመው በእጅ የተጠረበው ቅስትና ከውስጥ የሚደገፍበት እንጨት ነው። በጠርዙ ዙሪያ የምናየው ጥቁር መስመርም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቦይ ተቆፍሮለት የተቀበረ ስስ እንጨት ነው፤ ከጠርዝ የተነሳ ስንጥቅ ወደ መሀል እንዳያልፍ ያግደዋል። የልጄን ቫዮሊን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው መስመሩ ቀለም ሆኖ ተገኘ። አዝኛለሁ፤ ገንዘቡ አይደለም ያሳዘነኝ፣ ልጁ በዚያ ላይ ያጠፋው አንድ ዓመት ነው።

ይህን ሥራ ጅማ ውስጥ የሚችለው ሰው አለ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ፣ እንጨት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። የጎደለው የደረቀ እንጨት ነው። ገበያችን ላይ ርጥብ ጣውላ ይሸጣል፤ ቫዮሊን ግን ለዓመታት ጥላ ውስጥ የተደረደረ እንጨት ይፈልጋል። ለፊቱ ስፕሩስ የሚባለው እንጨት ከውጭ ይምጣ፣ ለጀርባና ለጎኑ ዋንዛ ይሞከር እላለሁ። የወጣት ማዕከላትም በየጊዜው የሚጣል ዕቃ ከሚገዙ ለአንድ አናጢ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቫዮሊኖች ቢያዝዙለት፣ ቢያንስ ሲሰበር የሚጠግን ሰው ከተማው ውስጥ ይኖራቸዋል።

ዋጋው ይወደዳል፤ እውነት ነው። የሳምንታት የእጅ ሥራ ነውና።

የተሰነጠቀውን ይዤ ልወጣ ስል አናጢው «ተውልኝ» አለኝ። «በመጋዝ ከፍቼ ውስጡን ልየው።» ተውኩለት።