ከእሳቱ በኋላ ደባርቅ ማን ተመለሰ?

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ጋዜጦቻችን አልተኙም። የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣታቸውን፣ ከኬንያ የተላከው ሄሊኮፕተር ውኃ መርጨቱን፣ የአካባቢው ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ መረባረቡን በየቀኑ አነበብን። እሳቱ ጠፋ፤ ዜናውም አብሮ ጠፋ። የተቃጠለው የጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ መልሶ በቀለ ወይስ ቦታው ባዶ ቀረ? ጎንደር ተቀምጠን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቀን፣ ይህን የሚነግረን ጋዜጣ አጣን።

ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። መውጣቱ የፊት ገጽ ዜና ሆነ፣ ይገባዋልም። ነገር ግን ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ፓርኩ መግቢያ ከተማ ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነበር። ገበሬ የነበረ ሰው ከተማ ገብቶ በምን እንደሚተዳደር ደጋግሞ የጠየቀ ጋዜጠኛ ስንት ነው? የዱር እንስሳት ዜና የምንለው አብዛኛው የስብሰባ ዜና ነው። ኃላፊው ገለጹ፣ ባለሙያው አሳሰቡ፣ እንግዶቹ ጎበኙ። ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አይናገርም፤ ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሲጠብቅ የሚውለው ገበሬም አይናገርም።

አሁን ደግሞ የዋልያ ቁጥር መነጋገሪያ ሆኗል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ800 በላይ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የወጣው ቁጥር ወደ 300 ገደማ ወርዷል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውምና ዜናው ያስደነግጣል። ሆኖም ቁጥሩን ያተሙት ጋዜጦች እንዴት እንደተገኘ ሲያብራሩ አላየሁም። ዋልያ እንደ ከብት በረት ገብቶ አይቆጠርም። ስካውቶችና ባለሙያዎች ገደሉን ተከፋፍለው፣ ጠዋትና አመሻሽ ለግጦሽ ብቅ ሲል በመነጽር እያዩ ይመዘግባሉ። ጭጋግ ከዋለ፣ ወይም በጸጥታ ምክንያት አንዱ ሸጥ ሳይደረስበት ከቀረ፣ መዝገቡ ይጎድላል። እንግዲህ ከጠፉት መካከል ስንቱ ታደነ፣ ስንቱ ሳይታይ ቀረ? ይህን መጠየቅ ጉዳቱን ማቃለል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ጥበቃ በላላበት ቦታ ጠመንጃ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ግን አዳኙ የጎረቤት መንደር ሰው ነው፣ የታጠቀ ኃይል ነው ወይስ ለሥጋ የሚነግድ? መልሱ እንደየሁኔታው ስለሚለያይ መፍትሔውም ይለያያል፤ «ሕገወጥ አደን ተባብሷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ያልፋል።

(ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ሲሸነፉ የተጫዋቾቹ ጉልበት ሕመም ሳይቀር ይተነተናል። ስሙን ያዋሰው እንስሳ ግን የራሱ ዘጋቢ የለውም።)

ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ መንገዱ አስጊ ነው የሚሉ አዘጋጆች አሉ። የመንገዱ ነገር እውነት ነው፤ ማንም ነፍሱን አስይዞ ይዘግብ አልልም። ስልክ ግን አለ። ደባርቅ ውስጥ ገደሉን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቁ ስካውቶች አሉ፤ በየወሩ ተደውሎላቸው የሚሉትን፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግለጫ ጋር የማይስማማውን ጭምር፣ ስማቸውን ሳይጠቅሱ ማተም ይቻላል።