ኢንሱሊኑ ተሸፍኗል፤ መለኪያውስ?

ወገኖቼ፣ የመድን ድርጅቶችን ሌላ ቀን እወቅሳለሁ። ዛሬ የምቆጣው በእኛው ላይ ነው። ስኳር ያለብን፣ ወይም ስኳር ያለበት ልጅ፣ እናት፣ ባል ያለን ሰዎች የጤና መድን ውል ሲቀርብልን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ "ኢንሱሊን ይሸፍናል ወይ?" "አዎ" ከተባልን እንፈርማለን። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እናማርራለን።

እስቲ ንገሩኝ፤ ብልቃጡ ብቻውን ምን ያደርግላችኋል? በምን ትወጉታላችሁ? ስንት ዩኒት እንደምትወጉስ በምን ታውቃላችሁ? የደም ስኳር መለኪያ ማሽን አለ፣ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የደም ጠብታ የሚነካበት ስትሪፕ አለ፣ የጣት መውጊያ አለ። ኢንሱሊን የሚያስገባ ፓምፕ ወይም ሰውነት ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካ ሴንሰር ለሚጠቀም ደግሞ በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ አለ። በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከምግብ በፊት ይለካል፣ ሊተኛ ሲል ይለካል፣ መኪና ከመንዳቱ በፊት ይለካል፣ ስኳሩ የወረደ ሲመስለው ይለካል። በቀን 6 ስትሪፕ ቢፈጅ ብዙ አይደለም። ውላችሁ በወር 50 ስትሪፕ ብቻ የሚል ከሆነ በስምንት ቀን አለቀ። የቀረውን ሦስት ሳምንት በግምት ልትወጉ ነው?

በግምት ነዋ! እንተዋወቃለን። ጠዋት የለካ ማታውን ይዘለዋል። "ሰውነቴ ይነግረኛል" ይላል። ሰውነት ሁልጊዜ አይናገርም። ስኳር ለዓመታት አብሮት የኖረ ሰው፣ መውረዱን የሚያስጠነቅቀው ላብና መንቀጥቀጥ ሊጠፋበት ይችላል። ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ወርዶም ምንም ሳይሰማው ይቆይና ድንገት ራሱን ይስታል። አንዳንዱ ቤት ቁጠባው አንዱን የጣት መውጊያ ለቤተሰቡ ሁሉ እስከማዞር ይደርሳል። ይሄ ነውር ነው። ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ ይተላለፋል።

መለካት ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1993 የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት ታትሟል። ዓይነት 1 ስኳር (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት ዓይነት) ያለባቸውን 1,441 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለዓመታት የተከታተለ ነው። ልብ በሉ፤ ኢንሱሊን ሁለቱም ወገኖች ነበራቸው። አንደኛው ወገን ግን በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ እየለካ መጠኑን ያስተካክል፣ ቶሎ ቶሎ ይወጋ ወይም ፓምፕ ይጠቀም፣ ከባለሙያዎቹም ጋር በየወሩ ይገናኝ ነበር። ጤነኛ ዓይን ይዘው ከገቡት መካከል የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድሉ በዚህኛው ወገን በ76 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ ኢንሱሊኑን ሰጥቶ ስትሪፑን የሚከለክል ውል የቱን ወገን እንድትሆኑ እንደፈረደባችሁ አስቡት። ዓይን ሲታመም ለቀዶ ጥገናው የሚከፍለው ያው ውል ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ ለእኔ አይገባኝም።

አሁን ደግሞ ወደሚያናድደኝ ነገር። ውሉ ስኳርን እንዴት እንደምትይዙ የሚያስተምረውን ትምህርት የሸፈነላችሁ ሰዎች፣ ለምን አትሄዱም? ሐኪሙ ወደ ስኳር ትምህርት ሲልካችሁ "አስር ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?" ትላላችሁ። በአሜሪካ የግል መድን ያላቸውንና ስኳር እንዳለባቸው ገና ያወቁ አዋቂዎችን ያየ ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን የወሰዱት ከ7 በመቶ በታች መሆናቸውን አገኘ። መድን እያላቸው! ቸልተኝነቱ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ አያጽናናም።

አስር ዓመት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስትወጉ ኖራችሁ ቆዳው ከሥሩ አብጦና ጠጥሮ ኢንሱሊኑ እንደሚገባው እየሰረገ እንዳልሆነ ማን ነገራችሁ? የተከፈተ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ቀን በኋላ እንደሚጣልስ? ስኳር ሲወርድ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ወስዶ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት እንደሚገባ የቤታችሁ ሰው ያውቃል? ትኩሳት ይዟችሁ ምግብ አልበላ ሲላችሁ ዓይነት 1 ያለባችሁ "ካልበላሁ አልወጋም" ትላላችሁ፤ ደም በአሲድ ተመርዞ ሆስፒታል የሚያስገባው አንዱ ይሄ ነው። ይህን የሚያስተምር ባለሙያ ተመድቦላችሁ፣ ተከፍሎላችሁ፣ እናንተ ወንበሩን ባዶ ትተዋላችሁ። ከዚያ መድን ሰጪው "ማንም አይጠቀምበትም" ብሎ ቢሰርዘው ማንን ልትወቅሱ ነው?

ፎርሙ ላይ "የቆየ ሕመም አለብዎ?" ሲባል "የለም" ብላችሁ የምትሞሉም አላችሁ። ብልጥነት አይደለም። ውሉ ሊፈርስባችሁ ይችላል፤ ያውም ሆስፒታል በተኛችሁበት ቀን።

ስለዚህ ውሉን አምጡና አንብቡ። መድኃኒት በሚለው ክፍል ስታጡት ተስፋ አትቁረጡ፤ ስትሪፕና ማሽን ብዙ ጊዜ የሕክምና መሣሪያ በሚለው ክፍል ነው የሚገቡት። የወሩን ብዛት እዩ። ኢንሱሊን ለማይወጋ ሰው ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። የትኛውን ማሽን እንደሚቀበሉም ጠይቁ፤ የአንዱ ስትሪፕ በሌላው አይሠራም። የተፈቀደው ካነሰ ሐኪማችሁ በቀን ስንት ጊዜ መለካት እንዳለባችሁና ለምን እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ፋርማሲ መስኮት ላይ መጮኽ ይብቃ። እዚያ የቆመችው ልጅ ውላችሁን አልጻፈችውም።

እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ይግባኝ መጠየቅ የሚቻል ከሆነ ቀነ ገደቡን እዚያው ደብዳቤ ላይ ፈልጉና ሳያልፍ አስገቡ።