እርማት፦ አዲስ የተፈለፈለች ኤሊ ውሃ ያስፈልጋታል

«ኤሊ የደረቅ አገር እንስሳ ናት፤ ከቅጠሉ የምታገኘው እርጥበት ይበቃታል፤ ጫጩቷን ውሃ ውስጥ ማኖር ብርድ ያስመታታል» የሚል ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ልክ አይደለም፤ ለጫጩት ደግሞ አደገኛ ነው።

የበረሃ ኤሊዎችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፉት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከውጭው ይልቅ እርጥብ ነው። ጫጩቷ ትንሽ በመሆኗ፣ በዚያ ላይ የማሞቂያ አምፖል ስለሚያርፍባት፣ ውሃዋን ቶሎ ታጣለች። ሲደጋገም ኩላሊቷ ይጎዳል፣ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። በደረቅ አየር ያደገች ኤሊ የጀርባዋ ድንጋይ ጉብ ጉብ ይላል፤ ጉብታው አንዴ ከወጣ ደግሞ አይስተካከልም።

ብርዱን የሚያመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዝርግ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ ከአገጯ በታች ይሁን፤ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩዋት። ከአጠገቧ አትራቁ። ከዚያ አድርቃችሁ ወደ ሙቀቷ መልሷት። (የአስኳሉ ከረጢት ገና ሆዷ ላይ ካለ አትጎትቱት፤ ንጹሕ እርጥብ ወረቀት ላይ ትቆይ።)

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከሽንቷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር በጓንት ነክታችሁ እዩት። ለስላሳ ከሆነ ደህና ናት፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ አንሷታል። በየሳምንቱ በግራም ሚዛን መዝኗት፤ ክብደቷ መቀነሱን ከቀጠለ ወይም ዓይኗ ከጎደጎደ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት።